ኪሎ ሜትር የማይለካው ዕድሜ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገዶች ላይ የታይሚንግ ቺንጋን አስቀድሞ ስለ መቀየር

(ለፋኩልቲው መምህራን፣ ተማሪዎችና ተጋባዥ እንግዶች ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ወርዱ ከሁለት ጣት እምብዛም የማይሰፋ ጥርሳም የጎማ ቀበቶ ነው። በመጽሐፍ ታይሚንግ ቤልት ይባላል፤ በጋራዦቻችን ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋ። «ቺንጋ» እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ቴስታታ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው፤ ለአፍ ስለሚቀል እኔም በእርሱ እጠቀማለሁ። የገለጻዬ ጥያቄ አንድ ነው፦ በደኅና እየሠራ ያለን ቺንጋ መቼ አውጥተን መጣል አለብን? ይህን ጥያቄ የምመልሰው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቤተ ልሔም ዙሪያ ባሉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንገዶች ላይ ቆሜ ነው። ምክንያቱም በአምራቹ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው መልስ እነዚያ መንገዶች ላይ ሲደርስ ይለወጣል።

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ጉባኤ ቤት በመሆኗ ለዘመናት ከየአገሩ ተማሪ ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ ሲሄድባት የኖረች ደብር ናት። ዛሬ ግን በዚያ አገር ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ታማሚውም መኪና ይጠብቃል። ከደብረ ታቦር በክምር ድንጋይ አድርጎ በጉና ተራራ ጥግ ወደ ንፋስ መውጫ የሚያልፈው ዋና መንገድ፣ ሽማግሌዎች እስካሁን «የቻይና መንገድ» የሚሉት፣ ከወረታ ተነሥቶ ወልድያ የሚዘልቀው ነው። ከእርሱ ላይ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ወደ መካነ ኢየሱስና ወደየገጠሩ የሚታጠፉት መንገዶች ሽቅብና ቁልቁል የበዛባቸው ናቸው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ በሌላው ጫፍ አገሩ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ ከፍታና ዝቅታ መካከል የሚመላለሰው መኪና ምን ዓይነት እንደ ሆነ ብትጠይቁኝ፦ አይሱዙ፣ ዶልፊንና አባዱላ የምንላቸው ሃይኤስ ሚኒባሶች፣ ደግሞም ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለየወረዳው ካዳረሳቸው አምቡላንሶች ብዙዎቹ የመጨረሻው ዓይነት ናቸው። እኔም በዋናነት የምናገረው ስለ እርሱ ነው።

በመጀመሪያ ቺንጋው ምን እንደሚሠራ እንመልከት፤ የመካኒካል ተማሪዎች ትንሽ ታገሡኝ። ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ካም ሻፍቱ ቫልቮቹን ይከፍታል፤ ክራንክ ሻፍቱ ፒስተኖቹን ያወጣል፣ ያወርዳል። ሁለቱን የሚያስተባብረው ቺንጋው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በደቂቃ 1000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 17 ጊዜ ያህል ተከፍቶ ይዘጋል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ደግሞ አየሩ በከፍተኛ መጠን እንዲታመቅ ስለሚፈለግ፣ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጋር የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። በዚያች ቅጽበት ቫልቭ ተከፍቶ ቢገኝ የሚገባበት ቦታ የለውም። ቺንጋው ሲበጠስ ካም ሻፍቱ ወዲያው ይቆማል፤ ፒስተኖቹ ግን በፍላይ ዊሉና በመኪናው ግፊት መውጣት መውረዳቸውን ይቀጥላሉ። ውጤቱ የተጣመመ ቫልቭ፣ አንዳንዴም የተሰበረ ካም ሻፍት፣ የተመታ ፒስተንና የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል፤ ሹፌሩ የሚሰማው አንድ «ጧ» እና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ነው።

ሁሉም ሞተር እንዲህ አይቀጣም። በአንዳንድ የቆዩ የኮሮላ የቤንዚን ሞተሮች ውስጥ ክፍተቱ ሰፊ በመሆኑ ቺንጋው ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ቫልቭ አይጣመምም፤ አዲስ ቺንጋ ታስሮለት ጉዞውን ይቀጥላል። ይህን ያየ ሰው «ተበጥሶብኝ ምንም አልሆንኩም» እያለ ሲያወራ የሰማ የናፍጣ መኪና ባለቤት ግን በራሱ ሞተር ላይ ይፈርዳል።

ቺንጋው ወደ መኪና ሞተር የገባው ዘግይቶ ነው። ከእርሱ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት እርስ በርስ የተነካከሱ ጥርሶች ወይም ሰንሰለት ነበሩ። ጥርሳሙን የጎማ ቀበቶ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈለሰፈው ሪቻርድ ኬዝ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን መጀመሪያ የዋለው ለሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ነበር። በብዛት በተመረተ መኪና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1962 ገበያ ላይ በዋለው ግላስ 1004 በተባለው ትንሽ የጀርመን መኪና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት ሲከተል ነገሩ ዓለምን አዳረሰ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ዘይት አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም። አምራቾች የወደዱለት ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ለእኛ ጥገና ሰዎች ትልቁ ችግሩ ነው። ሰንሰለት ሲላላ ይንጫጫል፤ ጥርስ ሲበላ ያጉረመርማል፤ ጆሮ ያለው ሹፌር ወራት አስቀድሞ ያውቀዋል። ቺንጋ ግን የሚያልቀው በዝምታ ነው።

እዚህ ላይ ለአገራችን ጠቃሚ የሆነ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990 በፊት የመጡት የናፍጣ ላንድክሩዘሮች፣ ቱኤች እና ስሪቢ የሚባሉት ሞተሮች የተገጠሙላቸው፣ ካም ሻፍታቸውን የሚያዞሩት በጥርስ ነበር። የአይሱዙ ኤንፒአርም እንዲሁ በጥርስ ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ያደጉ ሹፌሮቻችንና መካኒኮቻችን የዘይት፣ የፊልትሮና የፍሬን ሸራ እንክብካቤ ተማሩ፤ የታይሚንግ ቺንጋ የሚባል ነገር ግን በሥራ ዘመናቸው አልገጠማቸውም። እ.ኤ.አ. በ1990 ዋንኤችዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር መጣ። መኪናው በውጭ ሲታይ ያው ላንድክሩዘር ነው፤ ጥንካሬውም የተመሰከረለት ነው። በፊት ለፊት ክዳኑ ሥር ግን ካም ሻፍቱንና የናፍጣ ፓምፑን የሚያዞር ቺንጋ ገብቷል። መኪናው ተለወጠ፤ ልማዱ አልተለወጠም። «ላንድክሩዘር ሞተሩ አይነካም» የሚለው አባባል በአሮጌው ሞተር ላይ እውነት ነበር።

አምራቹ ይህን ስለሚያውቅ በዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አኖረ። ይህ መብራት ብዙ ሰው እንደሚያስበው የቺንጋውን ጤና አይመረምርም። ከኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ጋር የተያያዘ ነው፤ እንደየአገሩ መመሪያ በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይበራል፣ ሌላ ምንም አያውቅም። በቆዩት መኪኖች ላይ መቁጠሪያው የሚሠራው ከካምቢዮው በሚመጣ ሽቦ ነው። በኮረኮንች ላይ ሽቦው ሲበጠስ ፍጥነት ማሳያው ዜሮ ላይ ያርፋል፣ ቁጥሩም ይቆማል፤ መኪናው ግን ዓመት ሙሉ ይሠራል። እንዲህ ያለ መኪና መብራቱ በሰዓቱ እንዲበራለት መጠበቅ ከንቱ ነው። ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የመጣ ሚኒባስ ሲሆንማ በመቁጠሪያው ላይ ያለው ቁጥር በማን እጅ እንዳለፈ ማን ያውቃል? የቺንጋው ታሪክ በጽሑፍ ካልተገኘ፣ መኪናው በተገዛበት ሳምንት ቺንጋውን መቀየር ከሁሉ የሚሻል ምክር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ኪሎ ሜትሩ በትክክል ቢቆጠር እንኳ ቺንጋው የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር አይደለም። ቺንጋው የሚያውቀው ዙር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ጥርሶቹ ይጫናሉ፣ ውስጡ ያለው የፋይበር ግላስ ክር በፑሊው ላይ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ለስሌት እንዲመቸን ሞተሩ ሁልጊዜ በደቂቃ 2000 ጊዜ ይዞራል እንበል። በሜዳ መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አንዱን ኪሎ ሜትር በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ያወጣው 2000 ዙር ነው። ያው መኪና ከበሽሎ በኩል ወደ ደጋው በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲወጣ አንዱ ኪሎ ሜትር ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያወጣው 6000 ዙር ነው። መቁጠሪያው ለሁለቱም የሚጽፈው «1» ነው።

100,000 ኪሎ ሜትር በሜዳው ስሌት 200 ሚሊዮን ዙር ነው። በዳገቱ ስሌት ይኸው 200 ሚሊዮን ዙር በ33,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይሞላል። አምቡላንስ ሁልጊዜ ዳገት አይወጣም፤ ከመንገዱ እኩሌታ ደኅና፣ እኩሌታው አስቸጋሪ ነው ብለን ብንወስድ በአማካይ በኪሎ ሜትር 4000 ዙር እናገኛለን፤ ገደቡም 50,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚሠራበትን ጊዜ ጨምሩ። አምቡላንሱ በጤና ኬላው ደጅ ወላዷን ሲጠብቅ ሞተሩ በደቂቃ 700 ጊዜ እየዞረ አንድ ሰዓት ቢቆይ 42,000 ዙር ያወጣል፤ ይህ በሜዳ መንገድ 21 ኪሎ ሜትር እንደ መሄድ ነው፣ በመዝገቡ ላይ ግን ባዶ ነው። አምራቾች ራሳቸው «አስቸጋሪ የአጠቃቀም ሁኔታ» ብለው አቧራ፣ ዝቅተኛ ፍጥነትና ረጅም መቆም ላለበት ሥራ የጥገና ጊዜን እንዲያሳጥሩ ይመክራሉ። ለእኛ ግን ያ ልዩ ሁኔታ የዘወትር ሁኔታ ነው።

ዙር ብቻውን አይበቃም። ጎማ በዕድሜም ያረጃል፤ ሳይነዳ በቆመ መኪና ላይ ያለ ቺንጋ እየደረቀ ይሄዳል። ዘይት ደግሞ የጎማ ጠላት ነው፦ የክራንክ ሻፍቱ ወይም የካም ሻፍቱ የዘይት መከላከያ ጎማ ትንሽ ካንጠባጠበ ቺንጋው ያብጣል፣ ጥርሶቹ ይላላሉ። አቧራውም አለ። በየጋራዡ የማየውና ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነገር የቺንጋው ክዳን ከአምስትና ስድስት ብሎን በሁለቱ ብቻ ተይዞ መገኘቱ ነው። በደረቁ ወራት የጋይንት መንገድ አቧራ በዚያ ክፍተት ገብቶ በጥርሶቹ መካከል እንደ ሞረድ ይሠራል፤ በክረምት ጭቃው ይተካዋል። የደጋው ብርድ ሌላ ጫና ነው፤ ንፋስ መውጫ ላይ ያደረ የናፍጣ ሞተር ንጋት ላይ ሲነሣ ዘይቱ ወፍሯልና ቺንጋው የሚሸከመው ኃይል ቀን ከሚሸከመው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከመምህራኑ ወገን አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። እየሠራ ያለን ክፍል ሁሉ በጊዜ ገደብ እያወጡ መቀየር ብልህነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ናውላንና ሂፕ የተባሉት የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች ባወጡት የታወቀ ጥናት፣ ከአውሮፕላን ክፍሎች ውስጥ የዕድሜ ገደብ ሊጠቅማቸው የሚችለው 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ለቀሩት በጊዜ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ እንዲያውም በተነካካ ቁጥር አዲስ ብልሽት ይገባል። የእኛም ሹፌር «ይሠራ የለ? ለምን ይነካል?» ሲል ለአብዛኛው የመኪናው ክፍል ልክ ነው፤ ዲናሞና ሞተሪኖ በደኅና እየሠሩ በዕድሜ ገደብ አይወጡም።

ቺንጋው ከጥቂቶቹ ወገን የሚሆነው ሦስት ነገሮች ስለ ተገናኙበት ነው፦ የመበጠስ ዕድሉ በዕድሜ ይጨምራል፤ መድከሙን በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ሲበጠስ የሚያስከትለው ጉዳት ከራሱ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ስንጥቅ ወይም ዘይት ከታየ ቺንጋው ወዲያው ይውጣ፤ ምንም ካልታየ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም፣ የሚደክመው በጎማው ውስጥ የተሸሸገው ክር ነውና።

ሦስተኛውን በቁጥር እናስላው። ቁጥሮቹን ለትምህርት ብዬ የወሰድኳቸው እንጂ በልኬት የተገኙ አይደሉም። በዕቅድ መቀየር 1 ብር ይፈጃል፣ ከተበጠሰ በኋላ መጠገን 15 ብር ይፈጃል እንበል። በ100,000 ላይ ለመቀየር ብንወስንና እስከዚያ የመበጠሱ ዕድል 3 በመቶ ቢሆን፣ አማካይ ወጪው 1.42 ብር ነው። «ትንሽ ይቆይ» ብለን ወደ 150,000 ብንገፋውና ዕድሉ ወደ 25 በመቶ ቢያድግ ወጪው 4.50 ብር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 3 ብር። ቺንጋ የቆጠበው ሰው ወጪውን ከእጥፍ በላይ አሳደገ ማለት ነው። እነዚህን ገደቦች በእኛ መንገድ ስሌት በእኩሌታ ቀንሳችሁ አንብቧቸው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልገባው ደግሞ ደም የሚፈሳት ወላድ ጭኖ ከስማዳ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው አምቡላንስ መንገድ ላይ ሲቀር የሚሆነው ነው። ለዚያ «15» የሚል ቁጥር መስጠት አልችልም፤ ስሌቱ ግን ያ ቁጥር ባደገ መጠን የመቀየሪያው ጊዜ ወደፊት መምጣት እንዳለበት ያስገድደናል።

ለእነዚህ መንገዶች የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ 60,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም 2000 የሞተር ሰዓት፣ ወይም 5 ዓመት፤ ከሦስቱ የቀደመው። ከሠራነው ስሌት 50,000 ቢወጣም አምራቹ በገደቡ ውስጥ መጠባበቂያ እንደሚተው አስቤ ጥቂት ጨምሬበታለሁ። ጥብቅ የሆነ ሰው 50,000 ቢል አልከራከረውም። የሞተር ሰዓት የሚለካ መሣሪያ የለንም የሚል ካለ፣ መዝገቡ በእጁ ነው፦ በመንግሥት መኪና የጉዞ መዝገብ ላይ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት ይጻፋል። እስካሁን የምናነብበት ለነዳጅ ቁጥጥርና ለሹፌሩ ክስ ነው፤ በየወሩ ሰዓቱን ደምሮ ለመካኒኩ መስጠት የአንድ ጸሐፊ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከዚህ የከበደው ችግር ያለው ጋራዥ ውስጥ አይደለም። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የጥገናው ገንዘብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይሳሳል፤ በዚያን ጊዜ የተሰበረው መኪና እየጠበቀ ስለሚሠራው መኪና ቺንጋ የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው የለም። ጉዳዩ «ለሚቀጥለው በጀት» ይተላለፋል። አዲሱ በጀት ተለቅቆ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ግዢው እስኪፈጸም መስከረም ያልፋል። በመካከል ያለው ክረምቱ ነው፤ ማለትም መንገዱ የሚከፋበት፣ ሁለተኛ ማርሽ የሚበዛበት፣ ቆሞ የቀረ መኪና ጋር ሌላ መኪና በቶሎ የማይደርስበት ወቅት። ስለዚህ ቺንጋው ከድንገተኛ ጥገና ወጥቶ በዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ እንደ ዘይት ለውጥ በስሙ ሊጻፍ፣ ሥራውም በኅዳርና በታኅሣሥ ሊፈጸም ይገባል። ይህ ውሳኔ የመካኒኩ ሳይሆን የዕቅድና የፋይናንስ ሰዎች ነው፤ ከእናንተም መካከል ብዙዎች ነገ በዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ብዬ ላብቃ። ቺንጋው ብቻውን አይቀየርም፤ የሚያጠብቀው ፑሊ ከነኩሽኔታው፣ የዘይት መከላከያ ጎማዎቹም አብረው ይለወጣሉ። አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ማሰር ደጋግሜ የማየው ቁጠባ ነው፤ ኩሽኔታው ሲነክስ አዲሱን ቺንጋ በአንድ ሳምንት ይቆርጠዋል። የውሃ ፓምፕ በታይሚንግ ቺንጋ በሚዞርባቸው አንዳንድ ሞተሮች ላይ እርሱም ይታያል። መጠባበቂያ ቺንጋ አጣጥፎ ከወንበር ሥር ከቁልፍና ከዘይት ቆርቆሮ ጋር ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ የፋይበር ግላሱ ክር በጠባቡ ሲታጠፍ ውስጥ ውስጡን ይሰበራል፣ ስለዚህ እንዲህ የተቀመጠ ቺንጋ አዲስ ተብሎ ሊታሰር አይገባም። ከታሰረ በኋላ ሞተሩ በሞተሪኖ ከመነሣቱ በፊት በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞርና ምልክቶቹ እንደገና ይገጥሙ እንደ ሆነ ይረጋገጣል። አንድ ጥርስ ብቻ ቢሳሳት ሞተሩ ሊነሣ ይችላል፤ ጉልበት ያንሰዋል፣ ያጨሳል፣ ሹፌሩም ናፍጣውን ይወቅሳል። በመጨረሻ ክዳኑ በብሎኖቹ ሁሉ ይታሰራል፣ የ«ቲ-ቤልት» መብራቱ ይመለሳል፣ በክዳኑ ላይም በማይጠፋ ቀለም ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የሞተር ሰዓቱ ይጻፋል፤ መኪናው ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር መዝገቡ ቢሮ ይቀራል፣ ክዳኑ ግን አብሮ ይሄዳልና።

ስለ ሰንሰለት ሞተሮችና ስለ ስሌቱ ዝርዝር በጽሑፍ የደረሱኝ ጥያቄዎች አሉ፤ ወደ እነርሱ እንለፍ።